ላልቶ የተነበበ ብረት

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ጠጥቻለሁ። ጠምቶኝ ግን አይደለም። እኔ ይበልጣል የምባለው አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ መርፌ አለ እንዴ?» ትለኛለች፤ ጡረታ ወጥቼም አልተሻለኝም። ይህ ጥድፊያዬ በደርግ ጊዜ አንድ ሰው ሊያስበላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰውዬው እጁ የተባረከ በያጅ ነበር። ጥፋቱም ማንበብ መቻሉ ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ምሥራቅ አውሮፓ ልኮ አስተምሮኝ ስመለስ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከአንድ ካፖርትና ከሁለት ሱፍ ሌላ የመመረቂያ ጽሑፌ ነበረች። ጽሑፏ ስለ ብረት ናት። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉ ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት ከእጃችሁ የወጣው ጉልበት ነው፤ ሽቦው በልቶታል። እንግዲህ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃ ላይ የሚመጣውን ጉልበት እንዲሁ የሚበላ ለስላሳ ብረት ቢኖርስ? እሱ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ይበላሻል፤ ሕንፃው ግን ይተርፋል። ሲረጋጋ የተጣመመውን ፈትቶ አዲስ መግጠም ነው። እኔ የዚህን ብረት ቅርጽ፣ ውፍረትና ቦታ ሳሰላ ስንት ሌሊት ዓይኔ ቀልቷል።

ተመድቤ የመጣሁት ግን ቢቸና ነው። አለቃዬ ጽሑፌን ገለጥ ገለጥ አደረገና በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ ይበልጣል፣ ጎጃም ውስጥ ከእኛ በቀር የሚንቀጠቀጥ ምን አለ?» አለኝ። ሳቅን። እኔ ግን አልተውኩትም። የሞጣ ጤና ጣቢያ የውሃ ማማ ሲሠራ ንድፉ ለእኔ ደረሰ። አራት ረጃጅም የብረት እግሮች፣ ከላይ ቤት የሚያህል የውሃ ጋን፣ ከሥሩ ደግሞ አሥር እርምጃ ሳይርቅ የማዋለጃው ክፍል። መሬት ቢነቃነቅ ያ ሁሉ ውሃ ማን ላይ እንደሚወርድ ማሰብ ነው። ስለዚህ በእግሮቹ መካከል በሚሄዱት ሰያፍ ብረቶች ላይ፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ስምንት ለስላሳ ብረቶች አስገባሁ። ሠራተኞቹ ገና ሲያዩአቸው ስም አወጡላቸው፤ «ልፍስፍሶቹ» አሏቸው።

ንድፉ በእንግሊዝኛ ነው። ሞጣ ያለው በያጅ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም። ስለዚህ በአማርኛ ማብራሪያ ላዘጋጅ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው። ወደ ሞጣ የሚሄደው የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ሹፌሩ «መሐንዲስ! ዝናቡ ሳይመጣ!» ይላል። ከሥሩ ካርቦን ወረቀት አድርጌ ስለ ብሎኑ ጻፍኩ፣ ስለ ልኩ ጻፍኩ፤ ወደ ኮቴው ቅርጽ ቀስት አወጣሁና በመጨረሻ «ይህ ብረት ይጠብቃል» ብዬ ጨረስኩ። ዋናውን በመስኮት ወረወርኩለት፣ ቅጂው መዝገብ ቤት ቀረ። ሁለት ቃል ልጨምር ብል ሹፌሩ ይጠብቀኝ ነበር። አልጨመርኩም።

ጳጉሜን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሞጣ ገባሁ። ማማው ለአብዮት በዓል ሊመረቅ ቀናት ቀርተውታል። ቀና ብዬ አየሁት። ስምንቱም ኮቴዎች አፋቸው ላይ ወፍራም፣ ጎኑ የታጠፈ አንግል ብረት ተጋድሞ ግጥም ተደርጎ ተበይዷል። ብየዳው ደግሞ እንዴት ያምራል! እዚያ ላይ የዋለው እጅ የተንከባከበ እጅ ነው። ነገር ግን ልፍስፍሶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም። የሚታጠፍ ከጠፋ ጉልበቱ ወደ እግሮቹ ይሄዳል። እግሮቹ ከሄዱ ደግሞ ማማው ማዋለጃው ላይ ነው።

በያጁ ጋሽ አበጀ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየሳቀ መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በልጅነቱ ድቁና የተማረ፣ ኋላ ብየዳ የገባ ሰው ነው። ላመሰግነው የመጣሁ መስሎታል መሰለኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«አንግሉ! ማን በይድበት አለህ?» በንዴት አንቱታውን እንኳ ረሳሁት። አባቴ የሚሆን ሰው!

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ወረቀትህ ያዘዘኝን ነው የሠራሁ።»

«የእኔ ወረቀት እንዲህ አይልም!»

«ይላል እንጂ። ኧረ ይኸው፣ ራስህ እየው።» ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። ወረቀቱ በግሪስ ተጨማልቋል፤ የብየዳ ፍንጣሪ አርፎበት ታችኛው ጥግ ተቃጥሏል። ከመጨረሻው መስመር የቀረው «ይህ ብረት» የሚለው ብቻ ነበር።

እኔም ያቺን እስከ ዛሬ የምትጠዘጥዘኝን ቃል ተናገርኩ። «ሆን ብለህ ነው እንዴ ያበላሸኸው?»

ከኋላዬ ጓድ ታፈረ ቆሞ ኖሯል። የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ካድሬ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ስለነበረ፣ ሲያስብ ሁለት ጣቶቹን ጠመኔ እንደሚያራግፍ ያሻሻል። አሁንም ጣቶቹ መተሻሸት ጀመሩ።

«ምን አልክ ጓድ መሐንዲስ? ሆን ብሎ?»

አንባቢዎቼ፣ ያኔ «አይ፣ ተናድጄ ነው» ብል ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ግን የደርግን ጊዜ የኖራችሁበት ታውቃላችሁ፤ ጥያቄው አንዴ ከተነሳ አንድ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። እኔ ላይ እንዳያርፍ ፈራሁ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ይህን አድርግ ብዬ ግን አልጻፍኩም።»

«የሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ማለት ነው» አለ ጓድ ታፈረ፣ ለራሱ እንደሚያነብ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ አበጀን ግራና ቀኝ ያዙት። አልታገለም። ዞር ብሎ «እሳቱን ሲሊንደሩ ላይ ዝጉት» ብሎ ለሠራተኞቹ ተናገረና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አልቤርጎዬ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ዋልኩ። ምግብ አስመጥቼ ሳልነካው መለስኩት። አሥር ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ቆማለች።

«የአበጀ ባለቤት ነኝ። ስንዱ እባላለሁ።»

«ማን ሞተብዎት?» አልኩ ነጠላዋን አይቼ።

«እስከ አሁን ማንም። ከነገ ወዲያ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ይወስዱታል አሉኝ። በአሻጥረኛ ስም ሄዶ የተመለሰ አላየሁም፤ ቀድሜ ልልበሰው ብዬ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«እኔ የመጣሁት ልለምንህም ልረግምህም አይደል ልጄ። ምሳ አድርሼለት አንድ ነገር አለኝ። የወረቀቱ ቅጂ ቢቸና አለ፣ ያንን አምጥቶ ያንብበው፣ ካነበበው ይበቃኛል አለ። ይኸው ነው መልእክቱ።»

«አመጣዋለሁ» አልኳት።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ ለእሱ ብዬ አልነበረም። ወረቀቱ «አንግል በይድ» እንደማይል እርግጠኛ ነበርኩ። ዛሬ እሱን የያዙ ነገ ወደ እኔ ቢዞሩ ንጽሕናዬ ኪሴ ውስጥ እንዲሆን ፈለግሁ። ስንዱ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ያቺ ምስጋናዋ ከስድብ ብሳ አንገበገበችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። የክረምት መንገድ ነው፤ ጎማው በሰጠመ ቁጥር እየወረድን ስንገፋ፣ ድንጋይ ስናነጥፍ፣ ቢቸና ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጭቃዬን ሳላራግፍ መዝገብ ቤት ገባሁ።

መዝገብ ቤቱን የሚይዙት መሪጌታ እንየው ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ኋላ ልጆች ማሳደግ ግድ ሆኖባቸው የመንግሥት ሥራ የገቡ ሽማግሌ፤ ከነጭ ጥምጥማቸው ሥር የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ካፖርት ይለብሳሉ። የሆነውን ሁሉ እየተንቆራጠጥኩ ነገርኳቸው።

«ቁጭ በል» አሉኝ።

«ደህና ነኝ።»

«ቁጭ በል ብየሃለሁ! ወለሉን ፈጀኸው እኮ!»

ተቀመጥኩ። ካርቦን ቅጂዋን አወጡና መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች ድምፅ አውጥተው አነበቧት። ስለ ብሎኑ፣ ስለ ልኩ፤ በመጨረሻም «ይህ ብረት ይጠብቃል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ሰውየው ምን አጠፋ? ብረቱ ጠበቅ ይበል ብለህ አዘሃል። አጠበቀልህ።»

«ኧረ መሪጌታ፣ ምን ነካዎት? እኔ ያልኩት እኮ ይጠብቃል ነው! ማማውን ይጠብቃል! ዘብ ይቆማል!» አልኩ፣ «ብ»ን በጥርሴ የምነክሳት ይመስል እየረገጥኩ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ መጥቶ ተመለሰ።

«አየህ ልጄ፣ እኔ አላልቼ አነበብኩት፤ አንተ አጥብቀህ ታነበዋለህ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ግን አንድ ነው። ‹ብ› ላልታ ስትነበብ ብረቱ ራሱ ይጠብቃል፤ ጠብቃ ስትነበብ ብረቱ ሌላውን ይጠብቃል። ለመሆኑ ቅኔ ብለህ ነው የጻፍከው ወይስ ቸኩለህ?»

«ቸኩዬ» አልኩ።

«ቅኔ ቢሆንማ ባደነቅሁህ ነበር» አሉ።

ጋሽ አበጀ እጁ ላይ የሚልፈሰፈስ ብረት ይዞ፣ ከጎኑ «ይጠብቃል» የሚል ቀስት እያየ፣ ሌላ ምን ሊያስብ ይችል ነበር? እኔ ራሴ በእሱ ቦታ ብሆን እበይደው ነበር። ንጽሕናዬን ፍለጋ ጭቃ ለጭቃ መጥቼ ያገኘሁት የገዛ እጄን ጽሑፍ ነው።

ከዚያ የመጣብኝን ሐሳብ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። የሞጣው ወረቀት መጨረሻው ተቃጥሏል። የቀረችው ይህች ካርቦን ናት። ይህች ከጠፋች «አላዘዝኩም» ማለቴን የሚያፈርስ ምንም የለም።

«መሪጌታ» አልኩ፣ «ይህን ወረቀት ሌላ ያየው ሰው አለ?»

ትኩር ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቅጂዋን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩልኝና ወደ ፋይላቸው ዞሩ። እኔም ወጥቼ ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና ስፈልግ በከተማው ሦስቴ ዞርኩ። ቀን ሙሉ የሸሸሁት ነገር ኪሴ ውስጥ ሆኖ እየከበደኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ደብረ ወርቅ አደርን። በማግስቱ፣ ማለትም ጋሽ አበጀ በሚወሰድበት ጠዋት፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪናችን መንገዱን ዘግቶ ተሰነቀረ። የኋላ ጎማው እስከ ግማሹ ሰጠመ። ሰዓቴን አያለሁ፣ ጭቃውን እረግጣለሁ፣ ሹፌሩን እነዘንዛለሁ። ሹፌሩ «ወንድሜ፣ አንተ ብትቀመጥልኝ እኮ መኪናው ይወጣ ነበር!» አለኝ። በእግሬ ልሄድ ጫማዬን ሳወልቅ ከፊት ለፊታችን አንድ ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማለፊያ የለም። ጥሩምባው ጮኸ። ከውስጡ ጓድ ታፈረ ወረደ። ከኋላ ወንበር ላይ እጁን በገመድ ታስሮ ጋሽ አበጀ ተቀምጧል።

«ይህን ነገር አንሱ! ጉዳይ አለን!»

ጋሽ አበጀ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወደ ኋላ አታስነሳው፣ ይብስ ይሰጥማል! ድንጋዩን ከፊት አድርጉለት!» ብሎ ሹፌሩን መከረ። ታስሮ እየሄደ! እንዲህ ያለ ሰው ነው አሻጥረኛ ያስባልኩት።

እኔ ባዶ እግሬን በጭቃው ተራመድኩና ጓድ ታፈረ ፊት ቆምኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«የምትለውን ታውቃለህ?» አለኝ። ጣቶቹ ይተሻሻሉ ጀመር። «ይህ ቃል እዚህ ላይ ከወጣ ወደ ኋላ አይመለስም። መኪናው ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ አለ።»

«አውቃለሁ። ያንብቡት።» ካርቦኗን ሰጠሁት።

አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ አነበበ፤ ቆመ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ካድሬው ከፊቱ ላይ ጠፋና አስተማሪው ብቅ አለ።

«አምስተኛ ክፍል!» ብሎ ጮኸብኝ። «የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል አምስተኛ ክፍል ነው የሚማሩት! እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩት! አንተ ባሕር ተሻግረህ ስድስት ዓመት ምን ስትማር ኖርክ?»

«ስለ ብረት» አልኩ።

«ስለ ብረት ይላል! ታዲያ ልል ብረት እንዴት ነው ማማ የሚጠብቀው? እኔም ብሆን አበጀን ነበር የማምነው። በልፍስፍሶችህ ሰው ሁሉ የሚስቀው ለዚህ ነው።»

ከመኪናው ጭነት ላይ የማሰሪያ ሽቦ መዘዝኩ። ፊቱ ላይ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት አጣጠፍኩትና «ይንኩት» አልኩ። ነካውና እጁን ቶሎ መለሰ።

«እጄ አልሞቀም፣ ሽቦው ነው የሞቀው። ጉልበቴን በላው። ልፍስፍሶቹም የመሬቱን ጉልበት እንዲሁ ይበላሉ። ጋሽ አበጀ ያጠበቋቸው እኔ አጥብቁ ብዬ ስለጻፍኩ ነው። እሳቸውን ይፍቱና አንግሎቹን ቆርጠን እናንሳ፤ ማማውን በመኪና ስበን እንልቀቀው፣ ካልሠራ እኔን ይውሰዱ።»

ጓድ ታፈረ ሽቦውን ተቀብሎ ራሱ አጣጠፈው። «ስንስበው አንተ የት ነው የምትቆመው?» አለ በመጨረሻ።

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከሥሩ ትቆማለህ።»

መኪናችንን ከጭቃው አውጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሞጣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነበርን። ነፍሰ ጡሮቹ ከማዋለጃው ወጥተው ግቢው ማዶ ወዳለው ክፍል ተዛወሩ። ጋሽ አበጀ እጁ ተፈትቶ አንግሎቹን አንድ በአንድ ቆረጠ። ያማረ ሥራውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ ዓይኔን ማሳረፊያ አጣሁ። ከዚያ ልፍስፍሶቹንም አራቱን እግሮችም ኖራ ቀባናቸው። ብረት ላይ የደረቀ ኖራ ምስክር ነው፤ ብረቱ ከተለጠጠ እየተቀረፈ ይረግፋል፣ ካልተለጠጠ ባለበት ይቆያል። ጋኑ በግማሽ ተሞላ። የብረት ገመድ ከማማው አናት ወደ ጭነት መኪናው ተወጠረ።

ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ሸሸ። እኔ ማማው ሥር ገብቼ ቆምኩ። እንደዚያን ቀን አንድ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ስሌቴን አሥር ጊዜ በልቤ ደገምኩት።

ከጎኔ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ አበጀ ነው።

«ኧረ ይውጡ! አንቱን ማን ቁሙ አለዎት?»

«አንቱታው ተመለሰ እንዴ?» አለኝ። «ብየዳው የእኔ ነው። የእግሮቹ ሁሉ። አንተን ከገደለህ እኔም ነኝ የገደልኩህ።»

ከአጥሩ ዘንድ ስንዱ አዘቅዝቃ በለበሰችው ነጠላ አፏን ይዛ ቆማለች። መኪናው አጓራ። ገመዱ ተወጠረ፤ ማማው አቃሰተና ወደ አንድ ጎን ሰገደ። ከላይ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጓድ ታፈረ እጁን ወደ ላይ አነሳ። አንድ ሠራተኛ የገመዱን ማያያዣ በመዶሻ መትቶ አላቀቀው።

ማማው ተወነጨፈ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ከራሳችን በላይ ልፍስፍሶቹ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲገጥሙ አየሁ። ኖራው እየተቀረፈ ራሳችን ላይ፣ ትከሻችን ላይ፣ ዓይናችን ውስጥ ረገፈ። ጋሽ አበጀ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላል። አራተኛው ውዝዋዜ ላይ ላላ። ስድስተኛው ላይ ቆመ። ውሃው ብቻ ጋኑ ውስጥ ትንሽ ሲንሿሿ ቆየ።

ጓድ ታፈረ እየሮጠ መጣ። የአራቱንም እግሮች ኖራ በመዳፉ ዳሰሰ። አንድም ቅርፊት አልረገፈም። ከዚያ መሰላሉን ወጥቶ አንዱን ልፍስፍስ ነካና ከላይ ሆኖ «ሞቋል!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልጅ ነው የጮኸው።

ወርዶ ካርቦኗን ከኪሱ አወጣ። ቀይ እስክሪብቶ ነበረው። «ብ» ላይ ነጥብ አድርጎ፣ ከሥሩ «ይታረም» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ፤ ልክ እንደ ተማሪ ደብተር። ስለ ደብረ ማርቆስ ያኔም ሆነ ኋላ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁም። የተጣመሙትን ስምንቱን ፈታን፤ ጋሽ አበጀ ለበዓሉ የሚደርሱ ስምንት አዲስ ልፍስፍሶች ሠራ፣ ያለ አንግል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቤቱ ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዞ አስቆመኝ። ስንዱ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ አበጀ።»

«ላልቶ ነው ጠብቆ?» አለኝ።

ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ መሃል ላይ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ። ያኔ እንኳ ዘወር ብሎ እስክጨርስ ጊዜ ሰጠኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሰው የሚሠራበት ወረቀት የምትጽፉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጻፋችሁትን ለሠሪው ሰጥታችሁ «አንብብልኝ» በሉት። እኔ ከዚያ በኋላ በሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ሳላደርግ አንድ ወረቀት አላወጣሁም። ጓደኞቼ «ይበልጣል አንባቢ ካላገኘ ንድፍ አይፈርምም» እያሉ ቀለዱብኝ፤ ይቀልዱ። ደግሞም ስትናደዱ ከአፋችሁ ለሚወጣው ቃል ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶ የለም። እኔ «ሆን ብለህ» ያልኳት ሁለት ቃል፣ ጭቃው መኪናዬን ባይዝልኝ ኖሮ ደብረ ማርቆስ ደርሳ ነበር። የዳንነው በእኔ ደግነት አይደለም። በጭቃ ነው፤ መሪጌታም «አይቼዋለሁ» ስላሉኝ ነው።

አምና ሞጣ ሄጄ ነበር። ጋሽ አበጀ ምርኩዝ ይዟል፤ ስንዱ በሕይወት የለችም። ጤና ጣቢያው ግቢ ገብተን ማማው ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እኔ እንኳ ተቀመጥኩ። ማዋለጃው በር ላይ አንድ ባል ሲንቆራጠጥ እያየን ብዙ ቆየን። ከዚያ ጋሽ አበጀ ቀና ብሎ፣ ያለ አንግል በሠራቸው ስምንት ብረቶች ላይ ምርኩዙን ቀሰረ።

«ያን ሁሉ አበሳ አይተንባቸው፣ መሬቱ ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ምን ያደርጋሉ እንግዲህ እነዚህ?»

«ይጠብቃሉ» አልኩት።

ጆሮው ደክሟል። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ እኔ ዘንበል አለ። እኔም ሳልቸኩል፣ «ብ»ን አጥብቄ ደገምኩለት።